«ከፈረምኩ ወንድሜን የካድኩ፣ ካልፈረምኩ ሰው የገደልኩ መሰለኝ»

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ከእናቴ ጋር ነው የማነበው። ይህን ደብዳቤ ግን የጻፍኩት ተደብቄያት ነው።

ታላቅ ወንድሜ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጤፍ አራግፎ፣ ገንዘቡን ይዞ ሲመለስ የራሱ ረዳት ገደለው። መኪናውን አቁሞ ትንሽ ጋደም ባለበት፣ በክሪክ ብረት ራሱን መትቶ ነው የገደለው። ልጁ 3 ዓመት አብሮት ሠርቷል። እኛ ቤት ፋሲካን በልቷል። ፍርድ ቤቱ «አስቦና ተዘጋጅቶ ነው» ብሎ በ2012 ሞት ፈረደበት። ይግባኙም ውድቅ ሆነ። እስከ ዛሬ ግን እስር ቤት ነው።

ባለፈው ወር የልጁ እናት ድንጋይ ተሸክማ፣ ከሽማግሌዎች ጋር በራችን ላይ ወደቀች። ይቅርታ ሊጠይቅ ስለሆነ የእርቅ ወረቀት ፈርሙለት አሉን። እናቴ «የልጄ ደም ሳይደርቅ!» ብላ በሩን ዘጋችው። ታናሽ ወንድሜ «መንግሥት ካልገደለው፣ በወጣ ቀን እኔ እገድለዋለሁ» ይላል። ባለቤቴ ፈርሚና ይለቅልሽ ይለኛል። የንስሐ አባታችን ግን «ደም ያፈሰሰ ደሙ ይፍሰስ ተብሏል» አሉኝ። ወንድሜ 2 ልጆች ትቷል። እኔ ነኝ የማሳድጋቸው።

እውነት የሞት ቅጣት ትክክል ነው? ብፈርም ወንድሜን ካድኩት ማለት ነው? እርስዎ ሕግ ያውቃሉ። እኔ ግን ከሕጉ ይልቅ የሚያምኑበትን ቢነግሩኝ ነው የምፈልገው።

አንባቢዎ፣ ከደሴ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ሰንብቷል። የማምንበትን ንገሪኝ ስላልሽ ከእሱ ልጀምር። የሞት ቅጣት ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ለወንድምሽ ገዳይም ቢሆን።

ሰው ያልሞተባት ሴት የምትናገረው እንዳይመስልሽ። የኔን ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. የደርግ ሰዎች ሌሊት ከቤት ወሰዱት። 16 ዓመቴ ነበር። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው የወጣው፤ አንዱ እግሩ ላይ በደንብ አልገባለትም ነበር፣ እየጎተተው ሄደ። ከ4 ቀን በኋላ እናቴ የጥይት ዋጋ ክፈይ ተባለች። ከፈለች። አስከሬኑን ግን አላገኘችም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ነበር የምመኘው። የወሰዱት ሰዎች ሲሰቀሉ ቆሜ ማየት።

ሕግ የተማርኩትም በዚያ ቁጭት ነው። ዐቃቤ ሕግ ልሆን አስቤ ተከላካይ ጠበቃ ሆንኩ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆምለት ጠበቃ ማለት ነው። 23 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐሳቤን የቀየረው መጽሐፍ አይደለም፤ አንድ ልጅ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ነው። ልጁ 22 ዓመቱ። አማርኛ እምብዛም አይችልም። መናኸሪያ አጠገብ በብድር ገንዘብ ተጣልቶ አንድ ሰው በቢላዋ ወግቶ ገድሏል። መግደሉን አልካደም። ዐቃቤ ሕግ ያለው «ቢላዋውን ከቤቱ ይዞ የመጣው አስቦበት ነው» ነበር። ምስክሮችም ጠቡ ከመጀመሩ በፊት ቢላዋ ይዞ አይተነዋል አሉ። እኔም በአንድ ቀን 6 መዝገብ ይዤ ነበር። ልጁን ያነጋገርኩት ችሎት በር ላይ፣ በአስተርጓሚ፣ ምናልባት 10 ደቂቃ ቢሆን ነው።

ሞት ተፈረደበት። ዳኛው ሲያነብ አስተርጓሚው ዝም አለ። አፉ አልታዘዝ አለው። ልጁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያል። የሰው ኮት ተውሶ ነበር የለበሰው፤ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኖታል። ከዚያ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው «ስንት ዓመት አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ አልሰጠሁትም። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

በሳምንቱ እስር ቤት ሄድኩ። ኮቱን መልሷል። እጆቹን ያኔ ነው ያየኋቸው። የግራ አውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ጠባሳ ነው፤ የቆየም አለ፣ ገና የሚሽርም አለ። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። «ሸንኮራ» አለኝ። ክሱ ላይ ሥራው «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ለካ ልጁ በጋሪ ሸንኮራ አገዳ የሚሸጥ ነው። ቢላዋው የሚልጥበት፣ የሚቆርጥበት ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ እስኪገባ ከእጁ አይለይም። ምስክሮቹ አልዋሹም፤ ቢላዋውን አይተውታል። ለምን እንደያዘው የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ጠበቃው ነበርኩ፣ ልጄ።

በይግባኝ ጉዳዩ ተራ ግድያ ነው ተባለና 18 ዓመት ተፈረደበት። ልዩነቱን ልንገርሽ። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 539 ከባድ ግድያ ነው፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። አንቀጽ 540 ተራ ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት። «ተራ» የሕጉ ቃል ነው። ይህን ቃል በሟች እናት ፊት ስናገረው አንድም ቀን ደህና ስሜት ተሰምቶኝ አያውቅም። የዚያን ልጅ ሞትና ሕይወት የለየው ግን ቢላዋው ከየት መጣ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ጣቱን ባላየው ኖሮ ጥያቄውም አይነሳም ነበር። በአሜሪካ እንኳ፣ ያ ሁሉ ባለሙያና ያ ሁሉ ይግባኝ ባለበት አገር፣ ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ ጥፋተኛ አለመሆናቸው ታውቆ የተለቀቁት እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ 200 ደርሰዋል።

አሁን «የኔ ወንድም ጉዳይ ግን እንደዚህ አይደለም» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ልክ ነሽ። የተኛን ሰው፣ ያጎረሰውን ሰው፣ ለገንዘብ ብሎ። እዚህ ላይ የሚያጠራጥር ነገር የለም። ይህ ልጅ ይፈታ ያልኩም እንዳይመስልሽ። ዕድሜ ልክ ቢታሰር አልቃወምም።

ይሙት የማልለው ግን ለዚህ ነው። ሕጉ ግድያን ከባድ የሚያደርገው ማሰብና መዘጋጀት ነው። ከሞት ቅጣት የበለጠ የታሰበበትና የተዘጋጁበት ግድያ አለ? ሰውየው ታስሯል። እየተቀለበ ነው። ማንንም አይነካም። ቀን ተቆርጦለት፣ ወረቀት ተፈርሞበት፣ አንድ ደሞዝተኛ ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ይገድለዋል። ሕጋችንም እኮ ነገሩ የሚከብደው ይመስለኛል። በ1953 መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተሰቀለው በአደባባይ፣ ሕዝብ እያየ ነው። ዛሬ ያለው አንቀጽ 117 በአደባባይ አይሁን፣ በስቅላት አይሁን ይላል። ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀውም አይፈጸምም። ሲፈጸም ሰው እንዲያየው የማንፈልገውን ነገር ለምን እንፈርዳለን?

ለሌላው ማስተማሪያ ይሆናል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በ23 ዓመት ውስጥ ካነጋገርኳቸው ገዳዮች አንዱም ከመግደሉ በፊት ቅጣቱን አስቤ ነበር አላለኝም። ግማሹ በንዴት ያበደ ነው። ግማሹ አልያዝም ያለ ነው። ያንቺ ወንድም ገዳይም ብሩን ይዞ እጠፋለሁ እንጂ እያዛለሁ ብሎ አይደለም ብረቱን ያነሳው።

ከዚህ ይልቅ እናንተ ቤት በቀጥታ የሚገባውን ልንገርሽ። እናትሽ 5 ዓመት የጠበቀችው ፍርድ የመፈጸሙ ነገር በጣም ጠባብ ነው። ከ1983 ወዲህ በአገራችን ፍርድ ቤቶች ሞት የተፈረደባቸው ብዙ ናቸው። ተፈጸመ ተብሎ በይፋ የታወቀው ግን ሁለት ነው። አንዱ በ1990፣ ጄኔራል ኃየሎም አርአያን በገደለው ሰው ላይ። ሌላው በ1999፣ የደኅንነቱን ኃላፊ ክንፈ ገብረ መድኅንን በገደለው ሻለቃ ላይ። ሁለቱም ሟቾች ትልልቅ ባለሥልጣናት ናቸው። የሹፌር ገዳይ የለበትም። የገበሬ ገዳይ የለበትም። ይህን ስጽፍ ያመኛል፤ ያንቺ ወንድም ደም ከማንም ደም አያንስም። ግን ያየሁት ይህን ነው።

ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ለእናትሽ በወረቀት የሰጣት ነገር መንግሥት የማያደርገው ነገር ነው። እሷ ትጠብቃለች። አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱ አለፈ፣ ሐዘኗ ግን አልተዘጋም፤ ገና አንድ ዜና የሚቀር መስሏታልና። እዚያም ልጁ ይጠብቃል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር። የልጁ እናትም ትጠብቃለች። ሦስቱም እንደታሰሩ ናቸው። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ቢሆን ኖሮ እናትሽ በ2012 ነጠላዋን ዘቅዝቃ አልቅሳ፣ ነገሩ አለቀ ብላ ትገባ ነበር። እንደዚህ ያሉ እናቶች ብዙ አይቻለሁ።

ሌላም አለ። የሞት ፍርድ የሚመጣው ለነፍሰ ገዳይ ብቻ አይደለም። በላይ ዘለቀን በ1937 የሰቀልነው እኛው ነን፤ ጎጃም ውስጥ ጣሊያንን 5 ዓመት የተዋጋውን ሰው። ይኸው እስከ ዛሬ እንቆጭበታለን። ተቃዋሚ ፖለቲከኛው አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ በሌሉበት በ2002 ሞት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ተይዘው መጡና ታሰሩ። በ2010 በይቅርታ ተፈቱና ቤተ መንግሥት ገብተው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ተነጋገሩ። ፖለቲካቸውን ውደጂም ጥዪም፣ ፍርዱ በጊዜው ተፈጽሞ ቢሆን ማን ይመልሰው ነበር? ለወንድምሽ ገዳይ ብለሽ ክፍት የተውሽው በር ለነዚህም ይከፈታል። ሁለት በር መሥራት አይቻልም።

ስለ ንስሐ አባትሽ ብዙ አልልም፤ ከእኔ በላይ መጽሐፍ ያውቃሉ። አንድ ጥያቄ ግን በአክብሮት አቅርቢላቸው። ቃየል ወንድሙን ሲገድል እግዚአብሔር ገደለው ወይስ ያገኘው ሰው እንዳይገድለው ምልክት አደረገበት? እኛስ በ2009 እና በ2015 ኢትዮጵያውያት ሴቶች ኩዌት ውስጥ በሞት ሲቀጡ ምን ብለን ነው ያለቀስነው? «ጥፋት አላጠፉም» ብለን ብቻ ነው? ለኔ አይደለም። ቢያጠፉም ይማሩ ብለን ነው። በዓረብ አገር እህት ያላት ሁሉ የሟች ቤተሰብ ልቡ እንዲራራ ትጸልያለች። ዛሬ የሟች ቤተሰብ እኛ ሆነን ስንገኝ ጸሎቱ ወዴት ይሄዳል?

አሁን ወደ ታናሽ ወንድምሽ ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ ያስደነገጠኝ የእሱ ነገር ነው። የሞት ቅጣት ደጋፊዎች ካላቸው ክርክር ሁሉ የማከብረው አንድ ነው፦ መንግሥት ካልገደለ ወንድም ይገድላል የሚለው። ከንቱ ክርክር አይደለም። በምኒልክ ጊዜ ገዳዩ ለሟች ዘመድ ይሰጥ ነበር፤ ወይ ይገድለዋል፣ ወይ የደም ካሳ ተቀብሎ ይምረዋል። መንግሥት ያን ሥልጣን ከዘመድ የወሰደው ደም መላሽ አገሩን እንዳይጨርሰው ነው። ግን ልብ በይ፣ ያኔም ቢሆን ሁለት መንገድ ነበር። ደም ማድረቅ የሚባለው የሽምግልና ወግ የመጣው አያቶቻችን ስለፈሩ አይደለም፤ በቀሉ የት እንደሚያደርስ ስላዩት ነው።

ወንድምሽን ዛሬውኑ አስቀምጠሽ እንዲህ በዪው። «በወጣ ቀን እገድለዋለሁ» ብሎ ጠብቆ የገደለ ሰው አስቦ፣ ተዘጋጅቶ ገደለ ይባላል። አንቀጽ 539። ያው አንቀጽ፣ ያው ቅጣት። ያን ጊዜ ድንጋይ ተሸክማ የሰው በር ላይ የምትወድቀው እናታችሁ ናት። ይህን ስታስፈራሪው ሳይሆን ስትለምኚው ይስማሽ። አንድ ወንድም ነው የቀረሽ።

ፊርማው ጋ ደረስን። እዚህ ላይ ሁለት የተደባለቀ ነገር አለ፤ ልለይልሽ። አይሙት ማለትና ይቅር ማለት አንድ አይደሉም።

በ2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደርግ ባለሥልጣናት ላይ ሞት ሲፈርድ ደስ አላለኝም፤ ያኔ የሸንኮራው ልጅ መዝገብ እጄ ላይ ነበር። በ2003 ግንቦት፣ የሃይማኖት አባቶች ጠይቀው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23ቱን ሞት ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡት። በሬዲዮ ስሰማ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተሰማኝ። አለመሞታቸው እፎይ አሰኘኝ። «ይቅርታ» የሚለው ቃል ግን አቃጠለኝ። ማን ጠየቀኝ? እናቴን ማን ጠየቃት? እኔ እስከ ዛሬ ወንድሜን ለወሰዱት ሰዎች ይቅርታ አላደረግኩም። ይቅር ልበል ብዬ ሞክሬ አልሆነልኝም። ግን እንዲገደሉ አልፈልግም። ሁለቱ ደረቴ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ አይጣሉም።

ስለዚህ ማንም «ክርስቲያን አይደለሽም ወይ» እያለ ይቅርታ እንዲያስወጣሽ አትፍቀጂ። ባለቤትሽም ይሁን ሽማግሌ። ይቅርታ ያንቺና የእናትሽ ነው። በ10 ዓመትም ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል። ወረቀቱ ላይ ግን «ይገደል አንልም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህን በመጻፍሽ ወንድምሽን አልካድሽም።

እርቁንም በባዶ አትስጪ። እናቴ የደርግ ፍርድ ሂደት በ1987 ሲጀመር ቆሎ በመሐረብ ቋጥራ ችሎት ትሄድ ነበር። ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ሄዳለች። ቅጣታቸው ምን ይሁን ብላ አታውቅም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «የት ነው የቀበራችሁት?» ሳትሰማ በ1994 ሞተች። እናትሽን ቀስ ብለሽ፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ ልጁን ምን ልትጠይቀው እንደምትፈልግ ጠይቂያት። ወንድምሽ ነቅቶ ነበር? የተናገረው ነገር አለ? ለምን? መልሱን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። እሱ ከሞተ መልሱም ይሞታል።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲመጡ ይህን በሏቸው። አንደኛ፣ ልጁ ያደረገውን ሁሉ ሳይቀንስ፣ ሽማግሌ ባለበት ለቤተሰቡ ይናገር፤ እናትሽ ፊቱን ማየት ካልፈለገች ሽማግሌው ተቀብሎ ያምጣላት። ሁለተኛ፣ ለሁለቱ ልጆች ካሳ ይቆረጥ፤ የልጁ ወገን ድሃ ቢሆኑ እንኳ በየዓመቱ ትንሽም ብትሆን፣ በጽሑፍ። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ላይ የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ይለወጥ የሚል ብቻ ይግባ፤ ይፈታ የሚል አይግባ። «እርቅ አውርደናል» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ከሆነች አትፈርሚ፤ በኋላ ምን ተብላ እንደምትነበብ አታውቂም። የሚያጸድቀው ርእሰ ብሔሩ ነው፤ ያንቺ ፊርማ ብቻውን አያድነውም፣ አለመፈረምሽም ብቻውን አይገድለውም። ይህን ሸክም ከትከሻሽ አውርጂው።

ወረቀቱን ሳትፈርሚ ኮፒውን በመጽሔቱ አድራሻ ላኪልኝ። አነብልሻለሁ፤ ገንዘብ አልቀበልም። የልጆቹንም ዕድሜ ጻፊልኝ፣ ካሳው ላይ ያስፈልጋል። ለእናትሽ ደግሞ ሰላም በያት። መጽሔቱን አብራችሁ ነው የምታነቡት ብለሻልና ይህን ሳታየው አትቀርም። እማማ፣ ልጅዎ የደበቀችዎት ፈርታ አይደለም። እርስዎ እንዳያለቅሱ ብላ ነው።